ሦስት ጊዜ ለካን ያልነው ወንዝ

ደብዳቤው

ጤና ይስጥልኝ እትዬ።

ኮምቦልቻ ውስጥ የምማር የዘንድሮ ተመራቂ ነኝ። ስሜ እንዳይወጣብኝ አደራ።

አራት ሆነን የመመረቂያ ጥናት እየሠራን ነው፤ የቦርከና ወንዝ ብክለት ላይ። እቅዳችን በሦስት ዙር ውሃ ቀድተን መለካት ነበር። በኅዳር፣ በጥር፣ ከዚያ ደግሞ የበልጉ ዝናብ ሲጥል በሚያዝያ። ከከተማው በላይ፣ መሀል ከተማና ከከተማው በታች። ሁለቱን ዙር ቦት ጫማ አጥልቀን፣ በረዶ በሳጥን ተሸክመን አራታችንም ሄደን ቀድተናል። ለሦስተኛው ግን መኪና አጣን፣ አንዷ ታመመች፣ ከዚያ ፈተና ደረሰ። የቡድናችን መሪ «እኔ ከአንድ ልጅ ጋር ሄጄ እቀዳለሁ፣ አታስቡ» አለን። እኛም አላሰብንም።

ባለፈው ሳምንት ረቂቁን ሳነብ የሦስተኛው ዙር ሰንጠረዥ ላይ ዓይኔ ቆመ። ውሃው አርብ ተቀዳ ይላል፤ የቢኦዲው (የብክለት ልኬቱ) ውጤት የተመዘገበው ግን ሰኞ ነው። ቢኦዲ አምስት ቀን ይፈልጋል። ላብራቶሪ ሄጄ መዝገቡን ገለጥኩ፤ በዚያ ሳምንት የኛ ቡድን ስም የለም። ስጠይቀው አልካደም። «የሁለቱን ዙር አማካይ ወስጄ ትንሽ ትንሽ ነካካሁት» አለኝ። «ወንዙ መበከሉን ማን ያጣዋል? ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ዝቅ ቢል ምን ይለውጣል? ለጥሩ ዓላማ ነው። እስከ ምርጫው ዝም በይልኝ።»

ምርጫው የተማሪዎች ኅብረት ምርጫ ነው። እሱ ለፕሬዚዳንትነት ይወዳደራል፤ እኔ የቅስቀሳው ጸሐፊ ነኝ። ቅስቀሳው ራሱ ወንዙ ላይ የቆመ ነው። ግቢውን የሞላው ፖስተር «ሦስት ጊዜ ለካን፤ ሦስቴም ወንዛችን ታሞ አገኘነው» ይላል። እኔ ነኝ የጻፍኩት።

እትዬ፣ ይሄ ልጅ ለኔ ተራ ጓደኛ አይደለም። የሰፈሬ ልጅ ነው። በ2014 ጥቅምት ከደሴ ስንሰደድ እናቴ እግሯን ታማ ነበር። የሐረጎን ቁልቁለት ደግፎ ያወረዳት እሱ ነው፤ የራሱን ሻንጣ ጥሎ። ይሄንን እንዴት እረሳለሁ?

ተቃራኒው ወገን ደግሞ የባሰ ነው። ፍሬሾችን ላውንጅ እየጋበዘ ነው ድምፅ የሚሰበስበው፤ ወንዝ ምናምን ጉዳዩም አይደለም። ከነሱ አንዷ እኔው ዶርም ውስጥ ናት። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ነገሩ ሸቷታል። «ስክሪንሾት ብቻ ላኪልን፣ የሴት ተማሪዎች ዘርፍ ያንቺ ነው» ብላኛለች።

ምርጫው የዛሬ አሥራ አንድ ቀን ነው። ጥናታችንን ፈታኞች ፊት የምናቀርብበት ዲፌንስ ደግሞ ከሦስት ሳምንት በኋላ። ብናገር ጓደኛዬን፣ ምርጫውን፣ ምናልባትም ምርቃቴን አጣለሁ። ዝም ብል ደግሞ ይኸው እንቅልፍ አጥቻለሁ። ረቂቁ ላይ ስሜ ሁለተኛ ሆኖ ተጽፏል። ምን ላድርግ?

ግራ የገባኝ፣ ከኮምቦልቻ


መልሱ

አብሽሪ የኔ ልጅ።

ስለ እሱ፣ ስለ ውለታው፣ ስለ ምርጫው ብዙ ጽፈሻል። ስለ ፖስተሩ ግን አንዲት አጭር መስመር ናት ያለችው፤ «እኔ ነኝ የጻፍኩት» ብለሽ አልፈሻታል። እኔን ያስቆመችኝ እሷ ናት። ነገሩ የሱ ጥፋት ብቻ ቢሆን ኖሮ ትናደጂ ነበር እንጂ ይሄን ያህል እንቅልፍ አይነሳሽም ብዬ እገምታለሁ። እንቅልፍ የሚነሳው ብዙ ጊዜ የራስ ጣት ያለበት ነገር ነው። ተሳስቼ ከሆነ ጻፊልኝ።

ልፈርድብሽ አይደለም። እኔም የራሴ አለኝ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አንድ መሥሪያ ቤት መጠይቅ የሚያስሞሉ ልጆች ሲፈልግ ለሁለት ወር ተቀጠርኩ። ሥራው ከደሴ ወጣ ያሉ የገጠር ቤቶችን እየዞሩ ስንት ሰው እንደሚኖር፣ ውሃ ከየት እንደሚቀዳ፣ ስንት በግ እንዳለ መጠየቅ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ያዘኝ። ሰባት ቤት ቀርቶኛል። ዳገቱ ጭቃ ሆኗል፤ ላይኛው ቤት ደግሞ የሚያስፈራ ውሻ አለ። ወርጄ ሻይ ቤት ገባሁ። ሻይ በዝንጅብል አዘዝኩና ሰባቱንም ቅጽ እዚያው ቁጭ ብዬ ሞላኋቸው። ለራሴ ያልኩትን ዛሬም አልረሳሁትም፦ «ሠላሳ ቤት አይቻለሁ፤ የሰባቱ ምን ሊለይ ነው?»

ተቆጣጣሪያችን ጋሼ የምንላቸው ቀጠን ያሉ ሰው ነበሩ። በማግስቱ ቅጾቹን ገለጥ ገለጥ አደረጉና ሰባቱን ነጥለው ጠረጴዛው ላይ ደረደሯቸው። «እነዚህ ሰባት ቤቶች ተማክረው ነው እንዴ የወለዱት?» አሉኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሰባቱም ቤት አምስት አምስት ሰው አለው። ሰው ቁጥር ሲፈጥር እንዲህ ነው፤ እጁ የለመደው ቦታ ላይ ያርፋል።

አልጮሁብኝም። ዣንጥላቸውን አነሱና «ነይ» አሉኝ። ያንን ዳገት አብረን ወጣነው። አንደኛው ቤት አንዲት ባል የሞተባቸው እናት ብቻቸውን ይኖራሉ። ሌላው ቤት አሥራ አንድ ነፍስ አለ። አንዱ ቤት ጭራሽ ሰው የለበትም፤ ደጁ በእሾህ ተዘግቷል። አምስት ሰው የተገኘው ከሰባቱ አንዱ ቤት ብቻ ነው። ውሻው ደግሞ ታስሮ ነበር።

አሁን ወደ ጓደኛሽ። «ወንዙ መበከሉን ማን ያጣዋል» ብሎሻል። ልክ ነው፣ ድልድዩ ላይ ቆም ብሎ ያሸተተ ሰው አያጣውም። ግን ሦስተኛው ዙር የታሰበው ለዚህ አልነበረም። ወንዙ መታመሙንማ ኅዳርና ጥር ነግረዋችኋል። ሚያዝያን ያስገባችሁት በልግ ሲዘንብ ምን እንደሚሆን ለማየት ነው። ዝናቡ ወንዙን ሞልቶ ቆሻሻውን ያቀጥነዋል? ወይስ የከተማውን መንገድና ቦይ አጥቦ ሌላ ቆሻሻ ይጨምርበታል? ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ሄዳችሁ ሳታዩ መልሱን አንዳችሁም አታውቁትም፤ ጥያቄ ያደረገውም እሱ ነው። ጓደኛሽ የሁለቱን የበጋ ወራት አማካይ ሚያዝያ ላይ ሲያስገባ «ዝናብ ምንም አይለውጥም» የሚል መልስ ሰጠ ማለት ነው። ዝናቡን ሳይጠይቅ።

ይሄ ደግሞ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከከተማው በታች በዚያው ውሃ ጎመንና ሰላጣ የሚያጠጣ ገበሬ አለ። ውሃው በየትኛው ወር እንደሚብስ ማወቅ እሱን ይጠቅመዋል። አትክልቱን ገበያ ላይ የምንገዛውን እኛንም ይጠቅመናል። የናንተን ሪፖርት አንድ ቀን አንድ ሰው አምኖት ሊሠራበት ይችላል። ያንን ሰው አታውቁትም፤ እሱም እናንተን አያውቃችሁም። የሚያውቀው ሰንጠረዡን ብቻ ነው።

የአምስት ቀኑን ነገር በማየትሽ ግን ደስ ብሎኛል። ለማያውቁ አንባቢዎች በአጭሩ ላስረዳ። ቢኦዲ የሚባለው ልኬት ውሃው ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ቆሻሻውን ሲያብላሉ ስንት ኦክስጅን እንደሚጨርሱ የሚያሳይ ነው። የተቀዳው ውሃ በ20 ዲግሪ ሙቀት፣ ብርሃን በማይገባበት ቦታ አምስት ቀን ይቀመጣል። መጀመሪያ የነበረውና በአምስተኛው ቀን የቀረው ኦክስጅን ይለካል፤ ልዩነቱ ነው መልሱ። አርብ የተጀመረ ልኬት ከረቡዕ በፊት አፉን አይከፍትም። አንቺ ይሄን ካየሽ ፈታኞቻችሁም ያዩታል። በዲፌንስ ቀን፣ አራታችሁም ቆማችሁ፣ «ሰኞ እንዴት ደረሰላችሁ?» ተብሎ ሲጠየቅ ማን ነው የሚመልሰው? ይሄን ጓደኛሽ አስቦበት ይሆን? እንጃ። የቸኮለ ሰው ቀን መቁጠር ይረሳል።

«ለጥሩ ዓላማ ነው» ያለው ነገር ደግሞ ወሎ ላይ አዲስ አይደለም። እዚህ አገር ታሪክ አለው።

በ1965 ዓ.ም. ረሃቡ ወሎን ሲፈጀው፣ መንግሥት ነገሩን ሸፍኖ ይዞት ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች እዚህ ድረስ መጥተው በዓይናቸው አዩ። ፎቶ አነሱ። ፎቶውን ስድስት ኪሎ ወስደው ሰው እንዲያየው አደረጉ። ገንዘብም ሥልጣንም አልነበራቸውም። የነበራቸው ሄደው ማየታቸው ብቻ ነው፤ «አይተን መጣን» ያለን ሰው ዝም ማሰኘት ከባድ ነው። በ1966 ጥቅምት ደግሞ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ወሎ ላይ የቀረጸው ፊልም አገሩ ቴሌቪዥን ላይ ታየ፤ ዓለም ሰማ።

ከዚያ የሆነውን ታውቂው ይሆናል። ደርግ ንጉሡን ሊያወርድ ባለበት ዋዜማ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ፣ ያንን ፊልም የቤተ መንግሥት ግብዣ ምስል እየቀላቀለ አሳየው። በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ። ረሃቡ እውነት ነበር። ግብዣውም የሐሰት አልነበረም። መቀሱ ግን የሌላ ሰው ነበር። እኔ ልጅ ሆኜ እናቴ ቡና ስታፈላ ጎረቤቶች ስለዚያ ማታ ሲያወሩ እሰማ ነበር። አቦሉ ላይ ስለ ረሃቡ ይጀምሩና ቶናው ላይ «ያ ግብዣ የመቼ ነው?» ወደሚል ክርክር ይገባሉ። በረካው ሲደርስ የሞቱት ሰዎች ከወሬው ወጥተዋል።

የናንተም ወንዝ ይሄ እንዳይደርስበት ነው የምሰጋው። ነገ አንድ ፋብሪካ ሪፖርታችሁን ይዞ «ሦስተኛው ዙር የፈጠራ ነው» ቢል፣ ማን ነው ከዚያ በኋላ ስለ ኅዳርና ጥር የሚሰማችሁ? በረዶ ተሸክማችሁ፣ ጭቃ ረግጣችሁ ያመጣችሁት ሁለት ዙር እውነት በአንድ ማታ ኤክሴል ይበላል። እኔ ጓደኛሽ ላይ የምናደደው እዚህ ጋ ነው። ውሸቱ የወንዙን ጉዳይ አልደገፈም። ያላችሁን ንጹሕ ማስረጃ ነው ለጠላት ያስረከበው።

እሺ፣ ሐረጎ።

ይሄንን ክፍል ሁለት ቀን ሳስብበት ቆየሁ። ያን ጥቅምት እኔም ደሴ ነበርኩ። ያንን ቁልቁለት አውቀዋለሁ፤ የሰው እናት ደግፎ፣ የራስን ሻንጣ ጥሎ መውረድ ምን ማለት እንደሆነም አውቃለሁ። እንዲህ ያለ ውለታ አይከፈልም። ልክፈል ማለትም ነውር ነው።

ግን ልጠይቅሽ። እሱ ውለታውን አንስቶብሻል? ደብዳቤሽን ደግሜ አየሁት፤ «ዝም በይልኝ» ነው ያለሽ። ሐረጎ የምትለዋን ቃል ያመጣሻት አንቺ ነሽ። ለእናትሽ ያደረገውን እንደ ዕዳ የያዘው እሱ አይደለም ማለት ነው፤ ይሄ ደግሞ ስለ ልጁ ጥሩ ነገር ይነግረኛል። ሻንጣውን ጥሎ ሰው የደገፈ ልጅና ኤክሴል ላይ ቁጥር የነካካ ልጅ አንድ ሰው ናቸው። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ማየት ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ከባዱን ክፍል ዘለሽ «ክፉ ነው» ወይም «ምንም አላጠፋም» እንዳትይ ብቻ።

ደግሞ «የሚወድህ ያስለቅስሃል» ይባል የለ? ዛሬ አንቺ ባታስለቅሺው፣ ነገ የማይወደው ሰው መድረክ ላይ ነው የሚይዘው።

የዶርም ልጅሽን ነገር በአጭሩ ልለፈው፦ አይሆንም። ሥልጣን ስለሰጡሽ ብቻ አይደለም። ስክሪንሾቱ አንዴ ቴሌግራም ላይ ከወጣ ወንዙን የሚያስታውስ የለም። «የማን ሰፈር ልጅ ነው፣ የማን ወገን ነው» እስኪባል ሁለት ሰዓት አይፈጅም፤ የግቢን ወሬ ታውቂዋለሽ። አንድ ጥያቄ ግን ለራስሽ አቅርቢ። ይሄን ሰንጠረዥ የሠራው የተቃራኒው ወገን እጩ ቢሆን ኖሮ፣ ስንት ደቂቃ ትቆዪ ነበር? መልስሽ «አሥር ደቂቃም አልቆይ» ከሆነ፣ አሁን የያዘሽ የወንዙ ፍቅር ብቻ አይደለም። እኔ ብሆን ስንት ደቂቃ እንደምቆይ አስቤ ትንሽ አፍሬያለሁ።

ስለ ምርቃትሽ የፈራሽው ግን የዋዛ ፍርሃት አይደለም። አራት ዓመት ተኩል ቀልድ አይደለም፤ እናትሽም የምትጠብቀው ቀን አለ። ስለዚህ አንድ ነገር ልንገርሽ። በ2011 እ.ኤ.አ. ሆላንድ ውስጥ ዲዴሪክ ስታፕል የሚባል ትልቅ ስም ያለው የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር ለዓመታት ቁጥር ሲፈጥር እንደኖረ ታወቀ። የደረሱበት ሦስት ወጣት ተመራማሪዎች ናቸው። ውጤቱ ሁሌ ያለ ልክ ያማረ ሆነባቸው። ማስረጃቸውን በዝምታ ሰበሰቡ፣ ከዚያ ወደ ክፍሉ ኃላፊ ሄዱ። ከ50 በላይ ጽሑፎቹ ተሰረዙ። ከሱ ቁጥር ተቀብለው ዶክትሬታቸውን የሠሩ ተማሪዎችም ነበሩ። አጣሪዎቹ በማጭበርበሩ አልወነጀሏቸውም፤ አያውቁም ነበርና።

አንቺ ግን አሁን አውቀሻል። እስከ ባለፈው ሳምንት የነበርሽበት ቦታና ዛሬ ያለሽበት ቦታ አንድ አይደለም። ደግነቱ እጅሽ ላይ ያለው ገና ረቂቅ ነው። ረቂቅ ይታረማል፤ ስሙም የወጣለት ለዚያው ነው። ከዲፌንስ በኋላ ከሆነ ግን መታረሙ ቀርቶ ሌላ ስም ይሰጠዋል።

እንግዲህ እኔ አንቺን ብሆን የማደርገውን ልንገርሽ።

ነገ ዛሬ ሳልል እሱን ብቻውን አገኘዋለሁ። ላውንጅ አይሆንም፤ የቅስቀሳ ልጆች በየደቂቃው ይመጣሉ። በቴሌግራምማ ጭራሽ አይሆንም። ከግቢ አውጪውና በእግር ሂዱ፤ ሰው ጎን ለጎን እየሄደ ሲያወራ ዓይን ለዓይን የማይለውን ይላል። የረቂቁን ያንን ገጽ አትመሽ ያዢ። «ለምን ዋሸህ?» ብለሽ አትጀምሪ፤ እሱን ከጀመርሽ ሲከላከል ያመሻል። እንዲህ ብትዪውስ፦ «ይሄ ወረቀት ላይ ስሜ አለ፣ ፖስተሩንም እኔ ነኝ የጻፍኩት። በዚህ ልቆም አልችልም። አንተን ጥዬ ልሄድም አልፈልግም። አብረን እናርመው።» ቃሉን በራስሽ አፍ አስተካክዪው፤ የኔ ቃል እንደ አሮጊት ሊሰማ ይችላል።

ከዚያ ዝም ብለሽ ስሚው። ምናልባት የማናውቀው ነገር አለ። መኪና ስላጣችሁ የፈራው ምን ነበር? ቡድኑን አሳፍራለሁ ብሎ ነው? አማካሪያችሁ ተጭነውት ነው? ወይስ በቃ ምርጫው አስክሮት ነው? መልሱ ጥፋቱን አያጠፋውም። አነጋገርሽን ግን ይለውጠዋል።

ቀጥሎ ሁለቱን ልጆች ንገሯቸው። ስማቸው እዚያ ላይ እያለ ሳያውቁ ሲቀሩ ደስ አይልም።

ከዚያ አራታችሁም ወደ አማካሪያችሁ ሂዱ፣ ከምርጫው በፊት። ሁለት መንገድ ይታየኛል። አንደኛው ሦስተኛውን ዙር ከሪፖርቱ ማውጣትና በጥናቱ ውስንነት ክፍል «የበልጉ ዙር አልተቀዳም» ብሎ መጻፍ ነው። ሁለተኛው አሁኑኑ ወርዶ መቅዳት። ጊዜው ይበቃችኋል፤ የአንድ ቀን ቅጂና የአምስት ቀን ቆይታ ነው፣ ዲፌንሱ ሦስት ሳምንት አለው። ግን ልብ በይ፣ የግንቦት ውሃ የሚያዝያን ቦታ አይተካም። ግንቦት ተብሎ በራሱ ቀን ነው የሚጻፈው፤ ያለበለዚያ ሌላ ውሸት ነው የምትሠሩት። የትኛው እንደሚሻል አማካሪያችሁ ይወስኑ። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ ለምን እንደሆነ ዳገቱን ስነግርሽ ገብቶሻል።

አማካሪው ሊቆጡ ይችላሉ። ነጥብ ሊቀንሱ፣ ዲፌንሱን ሊያዘገዩም ይችላሉ። «ምንም አትሆኑም» ብዬ አልሸነግልሽም። በገዛ እግሩ መጥቶ «ተሳስተናል» ያለ ተማሪና መድረክ ላይ የተያዘ ተማሪ ግን በመምህር ዓይን እኩል አይደሉም።

ፖስተሩስ? አውርዱት። የጻፍሽው አንቺ ስለሆንሽ አዲሱንም አንቺ ጻፊው። «ሁለት ጊዜ ለካን፤ ሁለቴም ታሞ አገኘነው» ቢል ምን ጎደለው? ፍሬሾቹ «ሦስተኛዋ የት ሄደች?» ብለው ሊጠይቁ ይችላሉ። ያንን የሚመልሰው እጩው ነው፣ አንቺ አይደለሽም። ሊሸነፍም ይችላል። ግብዣ የሚችለው ሰውዬ ሊያሸንፍ ይችላል፤ ያናድዳል፣ አዎ። እኔ ግን ብጠየቅ የራሱን ፖስተር በራሱ እጅ የቀደደ እጩ ነው የምመርጠው። ችግሩ እኔ እዚያ ግቢ ድምፅ የለኝም።

እምቢ ቢልስ? ቢቆጣ፣ «ከዳሽኝ» ቢል፣ ያኔ ሐረጎን ቢያነሳስ? ሊሆን ይችላል፣ ተዘጋጂ። ያኔ እንዲህ በይው፦ «እሑድ ማታ ድረስ እጠብቅሃለሁ። ሰኞ ጠዋት ስለ ራሴ ስም አማካሪያችንን አናግራለሁ። ከኋላህ አይደለም፣ ይኸው ፊት ለፊት ነገርኩህ።» ከዚያ ሰኞ ሄደሽ የምታውቂውን ብቻ ተናገሪ፤ ሁለቱን ዙር እንደቀዳሽ፣ ሦስተኛውን እንዳልቀዳሽ፣ መዝገቡ ላይ ስማችሁ እንደሌለ፣ እሱም ያለሽን። ስለ ጠባዩና ስለ ምርጫው አንድ ቃል አትጨምሪ። የቅስቀሳ ጸሐፊነትሽንም ያን ቀን ተዪው፤ የማታምኚበትን ፖስተር እየለጠፍሽ ልትውዪ አትችዪም። ከዚያ በኋላ ጓደኝነታችሁ ምን ይሆናል? አላውቅም። ለጊዜው ሊቀዘቅዝ ይችላል። እናትሽን ለመጠየቅ ቤት ከመጣ ግን ቡና አፍሉለት። ያኛው ቂም የሚገባበት ቤት አይደለም።

አንድ የቀረኝ ነገር። እናትሽ ይሄን ያውቃሉ? ቁጥሩንና ቢኦዲውን ማለቴ አይደለም። ልጃቸው እንቅልፍ ማጣቷን ማለቴ ነው። ስልክ ደውዪላቸው። እሱን ከኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል፤ እንዴት እንደሚነገረው የሚያውቁት ነገር ሊኖር ይችላል።

ወንዙ ጋ የምትወርዱ ከሆነ በረዶውን አትርሱ። ጠርሙሶቹ ላይ ቀኑንና ሰዓቱን በማይለቅ ማርከር ጻፉ። ላብ እንደገባችሁ ደግሞ መጀመሪያ መዝገቡ ላይ ፈርሙ። ይሄን ስጽፍልሽ ደሴ ላይ ዝናብ ጀምሯል፤ ቆርቆሮው እየጮኸ ነው። ያ ውሃ ማታ እናንተ ጋ ይደርሳል።